ከየጎፍ ምንጭ እስከ ጅቡቲ ድንበር፦ ውሃውን ተከትዬ የሄድኩበት ሰባት ቀን

ያደግኩት ደሴ ነው፣ ቦርከና ዳር። ልጆች ሆነን ድልድዩ ላይ ቆመን ጠጠር እየወረወርን "ይሄ ውሃ የት ነው የሚሄደው?" ብለን ስንጠይቅ የትልልቆቹ ሁሉ መልስ አንድ ነበር፤ "ባሕር"። ባሕር እንደማይደርስ ያወቅኩት ስምንተኛ ክፍል፣ ጂኦግራፊ ስንማር ነው። ቦርከና ቁልቁል ወርዶ አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ደግሞ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ፣ ከጅቡቲ ጋር በምንዋሰንበት በረሃ አቤ የሚባል ሐይቅ ውስጥ ገብቶ እዚያው ይቀራል። ያን ቀን ለወንዙ ከልቤ አዘንኩለት።

አንድ ቀን ተከትዬው እወርዳለሁ ስል ስል ዓመቱ ነጎደ። በጥር 2011 ዓ.ም ዕረፍቴን ወሰድኩና ከአብሮ አደጌ ጋር ተነሣን። እሱ አፋር ክልል ባለችው ሎጊያ ከተማ አራት ዓመት ጎሚስታ ሆኖ ሠርቷል፤ አፋርኛ ለሰላምታና ለገበያ የሚበቃ ያህል ያውቃል። በየማታው ደብተር ላይ የጫርኩትን ነው ቤት ከገባሁ በኋላ እንዲህ ያስተካከልኩት።

ቅዳሜ ጥር 4፣ የጎፍ

ከደሴ መጀመር እንችል ነበር። እኔ ግን ውሃ ከጫካ ሲወለድ ማየት ፈለግኩ፤ ስለዚህ ኮምቦልቻ ወርደን የጎፍን ወጣን። ሚኒባሱ ያኔ 15 ብር ነበር። ሐረጎ የሚባለውን ቁልቁለት ስንወርድ ጆሮ ይደፈናል፤ ደሴ ላይ የለበስነውን ጃኬት ኮምቦልቻ ስንደርስ በእጃችን ይዘነዋል። በ25 ኪሎ ሜትር መንገድ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ነው የሚወረደው።

የጎፍ ኮምቦልቻን ከላይ ሆኖ የሚያይ ጫካ ነው። ግርጌው ባሕር ዛፍ ይበዛዋል፤ እየወጣን ስንሄድ ጽዱና ወይራው ይጀምራል። አንድ የደን ጠባቂ አባት አገኘንና ምንጭ እንዲያሳዩን ለመንናቸው። "ምን ልታደርጉበት ነው ልጆቼ?" አሉን። የምንሄድበትን ስንነግራቸው ትንሽ ዝም አሉና፣ "እኔ 30 ዓመት ስጠብቀው አንድም ሰው የት እንደሚደርስ ጠይቆኝ አያውቅም" ብለው ፊት ፊታችን ወጡ። ዕድሜያቸው ከስልሳ ያልፋል፤ እኛ ነን የምናለከልከው።

ምንጩ ጣት የምታህል ናት። ከአንድ ትልቅ ወይራ ሥር፣ ሁለት ድንጋይ ከተነካኩበት ስንጥቅ ትወጣለች። ድንጋዩ እስከ ወገቡ አረንጓዴ ሽበት አብቅሏል። ውሃው መጀመሪያ ድምፅ የለውም፤ ጎንበስ ብለን ካላየን የሚፈስ አይመስልም። ሁለት ክንድ ያህል እንደሄደ ከሌላ ጠብታ ጋር ይገናኝና ያኔ ነው ድምፁ የሚሰማው። አባባ አንድ ሰፊ ቅጠል በጥሰው እንደ ሾጣጣ ጠቅልለው ቀዱና ሰጡን። ጥርስ ያማል፤ እንደዚያ ቀዝቃዛ ነው።

ገርሞኝ የጠየቅኩት ጥር ላይ ይህ ውሃ ከየት ይመጣል የሚለውን ነው። ዝናብ ካቆመ ወራት አልፏል። እሳቸውም "ዝናቡን ቅጠሉ ይቀበለዋል፣ ብስባሹ ያዘገየዋል፣ ሥሩ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ከዚያ መሬቱ ቆጥቦ ቆጥቦ ይሰጠናል" አሉኝ። መምህሬ ስለ ከርሰ ምድር ውሃ በሁለት ክፍለ ጊዜ ያስረዱንን አባባ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። ማዶ ያለውን የተራቆተ ተረተር በበትራቸው አሳዩን፤ እዚያ ክረምት የወረደው ሁሉ በአንድ ቀን አፈር ጠራርጎ ሄዷል። የቀረው ደረቅ ቦረቦር ነው።

እኔም በተራዬ የማውቀውን ነገርኳቸው። የወሎ ደጋ እንደ ቤት ጣራ ነው። ከኩታበር ማዶ የወደቀ ዝናብ ወደ በሽሎ፣ ከበሽሎ ወደ ዓባይ ይገባና ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ይደርሳል። ወዲህ የወደቀው ወደ አዋሽ፣ ወደ በረሃው ነው። በአንድ ደመና የመጣ ዝናብ በአንድ ሸንተረር ይለያያል። "ውርስ የተካፈሉ ወንድማማቾች በላቸዋ" አሉኝ። ስንለያይ ሁለት ሊትር ሀይላንድ ከምንጯ ሞላሁ። ገንዘብ ብንሰጣቸው እንቢ አሉ፤ ስኳርና ቡና ገዝተን በማግስቱ በልጃቸው በኩል ላክንላቸው።

እሑድ ጥር 5፣ ኮምቦልቻና ጨፋ

ጧት ፉል በ25 ብር በልተን ለዮሌ ወደሚባለው ወንዝ ሄድን። ለዮሌና ወርቃ ኮምቦልቻን አቋርጠው ቦርከና የሚገቡ ሁለት ትንንሽ ወንዞች ናቸው። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ጓደኛዬ አፍንጫውን በነጠላው ሸፈነ። ውሃው የቡና አተላ መስሏል። ዳር ዳሩ ላይ አረፋ ተጠራቅሞ ነፋስ ሲነካው እንደ ጥጥ ይበናል።

ከድልድዩ በታች አንዲት እናት ሰላጣና ቆስጣ ያጠጣሉ። ቦዩ የሚመጣው ከዚያው ወንዝ ነው።

"እትዬ፣ ይሄንኑ ነው የሚያጠጡት?" አልኳቸው።

"ምን ላድርግ የኔ ልጅ፣ ሌላ ውሃ ማን ሰጠኝ?" አሉ፣ መኮትኮታቸውን ሳያቆሙ። ቀና ሲሉ ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ለገበያ ነው። እኔ ግን በአላህ አልበላውም፤ ልጆቼንም አላበላም" አሉኝ።

ፋብሪካ የምጠላ ሰው አይደለሁም። እህቴ ሦስት ልጆች የምታሳድገው በኮምቦልቻ ፋብሪካ ደሞዝ ነው፤ ሐምሌ 2009 የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲመረቅም ደስ ካላቸው አንዱ ነበርኩ። ነገር ግን ከቆዳ፣ ከጨርቅና ከብረት ሥራ የሚወጣ ውሃ ሳይጣራ ወንዝ ውስጥ መግባት የለበትም። የሰፈሩ ሰው ማታ ማታ ነው የሚለቀቀው ይላል። ትናንት በቅጠል የጠጣሁት ውሃ ከዚህኛው ጋር የሚገናኘው ከተማዋን ሳያልፍ ነው። ከተራራው ጫፍ እስከዚህ ድልድይ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሆንም። ሆዴ ባባ።

ከሰዓት በሐርቡ በኩል ወደ ጨፋ ወረድን። አዲሱ የባቡር ሐዲድ ከመንገዱ ጎን ጎን ይታያል፤ ባቡሩ ግን ገና አልመጣም። ጨፌ ረግረግና ሣር ያለበት ሜዳ ነው፤ የጨፋ ሜዳ እውነትም ስሙን ይመስላል። ቦርከና እዚህ ሲደርስ ወንዝ መሆኑን ይተዋል። ተበትኖ በደንገሉና በቄጠማው መካከል ይተኛል፤ የት እንደሚፈስ ለማወቅ ዝም ብሎ የሣሩን ማጎንበስ ማየት ነው። ደለሉ ይረጋል፣ ቆሻሻውንም ሥሩ ይይዘዋል። ኮምቦልቻ ያቆሸሸችውን ጨፋ አቅሟ እስከቻለ ድረስ ታጥባለች። ረግረጉ እየተጠነፈፈ ወደ እርሻ በተለወጠ ቁጥር ያ አቅም ይቀንሳል፤ እኛ ባየነው በኩል ሸንኮራና ማሽላው ውሃው ጫፍ ድረስ ደርሷል።

ጥር የበጋው ልብ ስለሆነ ሜዳው በከብት ተሞልቷል። ኦሮሞውም፣ አማራውም፣ አርጎባውም፣ ከቆላ የመጣው አፋርም እዚህ ነው። አንድ የአፋር ወጣት በትሩን ትከሻው ላይ አግድም ጥሎ እጆቹን ሰቅሎበት ቆሟል። ጓደኛዬ በአፋርኛ ሰላም ሲለው ፊቱ በራ። አምስት ቀን ከብት እየነዳ እንደመጣ ነገረን። እኛ ውሃውን ተከትለን ልንወርድ፣ እሱ ውሃውን ፈልጎ ሽቅብ ወጥቷል። የአምስት ብር ሸንኮራ ቆርጠን ከእሱ ጋር ቆመን አኘክን።

ሰኞ ጥር 6፣ ባቲ

ከጨፋ በኋላ ቦርከና ወደ ምሥራቅ በረሃ ይገባል፤ የመኪና መንገድ አይከተለውም። ስለዚህ ተለየነውና በባቲ ዞረን ታች ልንጠብቀው ወሰንን። ከኮምቦልቻ ባቲ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ያኔ 25 ብር ነበር። ሰኞን የመረጥነው ለገበያው ነው፤ የባቲን ሰኞ ሳያዩ ወሎን አየሁ ማለት ይከብዳል።

ገበያው ሁለት አገር የሚጨባበጥበት ቦታ ነው። ደጋው ጤፍ፣ ገብስ፣ ቅቤና ማር ይዞ ይወርዳል፤ ቆላው ግመል፣ ፍየልና ጨው ይዞ ይወጣል። ለአንድ ግመል 23 ሺህ ብር ሲጠየቅ ሰማሁ። ዋጋው የሚነገረው በአፍ አይደለም፤ ሻጭና ገዢ እጃቸውን በሽርጥ ሸፍነው በጣት ይነጋገራሉ፣ ደላላው መካከል ቆሞ ፊታቸውን ያያል። የፍየል ጥብስ ለሁለት 140 ብር በላን። ጥሩ ነበር፤ ቡናው ግን ከጥብሱ ይበልጣል። ያፈላችልን ልጅ ሦስተኛውን ሳንጠጣ አላስነሣችንም። "በረካውን ጥላችሁ ልትሄዱ ነው እንዴ?" አለችን፣ ከልቧ ተከፍታ። ተቀመጥን።

አዳራችን 120 ብር ነበር፤ ቁንጫም ነበረው።

ማክሰኞ ጥር 7፣ ኤሊ ውሃ፣ ሚሌ፣ ሎጊያ

የባቲ ቁልቁለት ሲያልቅ አየሩ ይለወጣል። መንገዱ የድሮው የአሰብ መንገድ ነው። ሾፌራችን በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ በደርግ ጊዜ በፊያት ተሳቢ አሰብ ሲመላለሱ ኖረዋል። አጎቴም እስከ 1983 ዓ.ም አሰብ ወደብ ላይ ተሸካሚ ነበርና ወሬያችን ገጠመ። "መስከረም 1 ቡሬ ላይ ድንበሩ ተከፈተ ሲሉኝ ሬዲዮኑን አቅፌ አለቀስኩ" አሉኝ። "ጋሼ፣ ተመልሰው ይሄዳሉ?" ስላቸው፣ "ዓይኔ እስካየ ድረስ" አሉ።

ኤሊ ውሃን እንዳለፍን የኋላ ጎማ ፈነዳ። ስኮርታው ደግሞ ትንፋሽ የለውም። ጓደኛዬ እጁን ጠቅልሎ ገባበት፤ አራት ዓመት የተማረውን ሙያ ለክፉ ቀን አዋለው። ክሪክ ከአንድ የጭነት መኪና፣ ጎማ ከሌላው ለምነን ሁለት ሰዓት ተኩል ቆየን። የየጎፍን ውሃ እዚያ ነው የጠጣነው። ከአሥራ አንድ ተሳፋሪ ጋር ተካፍለን ለእያንዳንዱ ሁለት ሦስት ጉንጭ ደርሶት አለቀ። ከእኛ ጋር የነበሩ አንዲት እናት ቀምሰው "ይሄስ የደጋ ነው" አሉ። ከየት መጡ ሳይባል ከኤሊ ውሃ ተከትለውን የመጡ ልጆች "ሀይላንድ! ሀይላንድ!" ሲሉ ባዶውን ጠርሙስ ሰጠኋቸው።

ከቆምንበት ብዙ ሳይርቅ በስተቀኝ ሐዳር አለ። ሉሲ፣ የኛ ድንቅነሽ፣ በኅዳር 1967 ዓ.ም የተገኘችው እዚያ ነው፤ ያኔ ቦታው በወሎ ክፍለ ሀገር ነበር። ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት እዚህ ሐይቅና ወንዝ ነበር፤ አጥንቷን ሸፍኖ ያቆየልን ውሃ ያመጣው ደለል ነው። አሁን ዙሪያው ድንጋይና ደርጊ ሃራ ነው። ደርጊ ሃራ አፋሮች ለፕሮሶፒስ ያወጡለት ስም ነው፤ የደርግ ዛፍ ማለት ነው። በ1970ዎቹ በረሃን ይገታል ተብሎ መጣ። አሁን ሣሩን ዋጠው። እሾሁ ጎማም እግርም ይበሳል፤ ፍሬውን ከብቱ በልቶ ዘሩን በሄደበት ይበትናል።

ሚሌ ከተማ ላይ የሚሌን ወንዝ ተሻገርን። እሱም የእኛው ደጋ ልጅ ነው። ክረምት መኪና የሚያስቆም ወንዝ ጥር ላይ በሰፊ ጠጠር መካከል ቀጭን ገመድ ሆኖ ይሄዳል። ማታ ሎጊያ ገባን። የጓደኛዬ የድሮ ጌታ የፍየል ሥጋ በሩዝ ጋብዘውን ግቢያቸው ውስጥ፣ ገላጣ ላይ፣ አልጋ ዘረጉልን። ደሴ በጥር ደጅ የሚያድር የታመመ ሰው ብቻ ነው፤ እዚህ ሁሉም ደጅ ያድራል።

ረቡዕ ጥር 8፣ አሳይታ

ሰመራ ላይ ግማሽ ቀን አባከንን። ወደ አፋምቦ ለማለፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል ተባለ፤ ደብዳቤው ተጻፈ፣ ፈራሚው የለም፤ ፈራሚው መጣ፣ ማኅተሙ ተቆልፎበታል። ሰባት ሰዓት ላይ በእጃችን ገባ።

ዱብቲ ላይ አዋሽን አገኘነው። ቦርከና ውስጡ አለ፣ ሚሌም ውስጡ አለ፣ እኔ ደግሞ የምለይበት መንገድ የለኝም። ቡናማ ነው፣ ረጋ ብሎ ይሄዳል። ግድቡም መስኖውም ከዚህ ሰፈር ነው፤ ተንዳሆ በጥጥ ዘመኑ ስሙ የገነነ ነበር፣ እኛ ስናየው ሸንኮራ ሆኖ ነበር። ከዋናው ወንዝ የሚወጡት ቦዮች አንዳንዶቹ ከለዮሌ ይሰፋሉ። ከላይ የሚወሰደውን እያየሁ ለታች ስንት ይቀራል የሚለው ሐሳብ አልለቀቀኝም።

አሳይታ ውብ ከተማ ናት። ከፍ ባለ ዳርቻ ላይ ተቀምጣ አዋሽን ከእግሯ ሥር ታያለች፤ ከታች አረንጓዴ፣ ከማዶ አመድማ በረሃ። የአውሳ ሱልጣኔት መቀመጫ ነበረች። ሱልጣን አሊ ሚራህ ሐንፈሬ በ1967 ዓ.ም ተሰደው በ1983 የተመለሱት ወደዚህ አገር ነው። አውሳ አውራጃ በወሎ ሥር ሳለች ዶሴው ሁሉ ደሴ ነበር የሚወጣው። ያረፍንበት ቤት ባለቤት ሽማግሌ ደሴ መሆናችንን ሲሰሙ፣ "አባቴ ለመሬት ጉዳይ ደሴ ሄዶ ብርዱ ሊገድለው ነበር" ብለው ሳቁ። ማደሪያው 200 ብር። እራት የተጠበሰ ዓሣ በትኩስ ቂጣ፣ በሚጥሚጣ፣ 80 ብር። ደሴ ዓሣ ስንበላ ከሐይቅ ከተማ የመጣ ነው፤ ይሄኛው ግን የእኛን ውሃ ጠጥቶ ያደገ ነው እያልኩ እስከ አጥንቱ ጨረስኩት።

ሐሙስ ጥር 9፣ አፋምቦ

በላንድ ክሩዘር፣ ከሌሎች መንገደኞች ጋር ተጨናንቀን፣ በሰው 150 ብር። 30 ኪሎ ሜትሩ ሁለት ሰዓት ፈጀ፤ አቧራው ዱቄት ነው፣ ጥርስ መካከል ይንቃጫል። መሪ በቀን 500 ብር ተስማማን። እርጋታው የሚደንቅ፣ ጊሌውን፣ የአፋሮቹን ጩቤ፣ ወገቡ ላይ የታጠቀ፣ አማርኛው ከእኔ የማይተናነስ ወጣት ነው። ባቲ ነው የተማረው።

ብዙ ሰው አዋሽ በቀጥታ አቤ የሚገባ ይመስለዋል። ከዚያ በፊት በሰንሰለት የተያያዙ ሐይቆች አሉ፤ ገመሪና አፋምቦ ከእነሱ ናቸው። ውሃቸው ጣፋጭ ነው። አንዱ ሞልቶ ለሌላው ያሳልፋል፤ ጨውም አይከማችባቸውም፣ መውጫ አላቸውና። የአፋምቦ ዳርቻ ደንገል ነው። ጉማሬ ሲያናፋ ሰማን፣ አላየነውም። የአዞውን ዱካ ግን ጭቃው ላይ መሪያችን አሳየን፤ የጅራቱ መስመር በእግሮቹ መካከል እንደ ማረሻ ፈር ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ግራና ቀኙ ላይ ጣቶቹ አንድ በአንድ ተቆጥረው ይለያሉ። እርጥብ ነበር። ፈጥነን ወጣን።

ፀሐይ ስትጠልቅ በእግር ተነሣን። ጨረቃዋ ልትሞላ ጥቂት ቀን ነው የቀራት፤ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በብርሃኗ ይታይ ነበር። ከእኩለ ሌሊት በፊት አንድ የአርብቶ አደሮች መንደር ደርሰን አደርን። ከዘንባባ ምንጣፍ የተሠራ ዳቦይታ፣ የአፋር ጎጆ፣ ለቀቁልን፤ የግመል ወተት በጭስ በታጠነ ዕቃ ሰጡን። እናቴ ወተት የምታጥነው በወይራ ነው። ጠረኑ ከቤቴ አልራቀም።

ዓርብ ጥር 10፣ አቤ

ጎሕ ሲቀድ ጉብታው ላይ ወጣን። አቤ ከታች ነው።

መጀመሪያ ውሃ አልመሰለኝም። ነጭ ሜዳ ነው፣ ነጩ ከየት ላይ አልቆ ውሃው ከየት እንደሚጀምር አይለይም። ፀሐይዋ ከፍ ስትል መካከሉ ብረት መሰለ፤ ዳሩ ላይ ያለው ሮዝ ጭረት የፍላሚንጎ መንጋ እንደሆነ መሪያችን ነገረን። በሰሜን ምዕራብ ዳማ ዓሊ ተራራ ቆሟል። ማዶው ጅቡቲ ነው። ጭስ ማውጫ የመሰሉት፣ እስከ 50 ሜትር የሚረዝሙት የኖራ ድንጋይ ሾጣጣዎች በዚያ በኩል ናቸው፤ ያን ቀን በጭጋጉ አልታዩንም። ፍልውሃ ሐይቁ ከፍ ብሎ በነበረበት ዘመን ከሥሩ እየፈላ የገነባቸው ናቸው። ዛሬ ደረቅ መሬት ላይ መቆማቸው ሐይቁ ምን ያህል እንደሸሸ ይመሰክራል። ከላይ መስኖው ውሃውን በያዘ ቁጥር እዚህ ነጩ እየሰፋ ይሄዳል።

ወደ ዳርቻው ወረድን። ጭቃው ከላይ ቅርፊት ነው፣ ሲረገጥ እንደ ደረቅ እንጀራ ይሰበራል። ጣቴን ነክሬ ቀመስኩ። ጨው ብቻ አይደለም፤ ሳሙና ሳሙና ይላል፣ ምላስ ይይዛል። መውጫ የለውማ። ውሃው ወደ ሰማይ ይሄዳል፣ ይዞት የመጣው ግን እዚህ ይቀራል። የሐይቁ ወለል ከባሕር ጠለል ወደ 240 ሜትር ከፍ ይላል፤ ባሕሩም በስተምሥራቅ እስከዚህም ሩቅ አይደለም። መካከሉ ላይ ግን ምድር ተሰንጥቃ፣ ተራራ አውጥታ፣ መንገዱን ዘግታበታለች። እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ቴሲጀር በ1926 ዓ.ም አዋሽን ተከትሎ እዚህ ድረስ የመጣው ይህንኑ መጨረሻ ፍለጋ ነው። እሱም አዲስ አበባ የተወለደ ሰው ነበር።

ድንበሩን ፈለግኩ። በመጋቢት 1889 ዓ.ም በዳግማዊ ምኒልክና በፈረንሳይ መካከል የተፈረመው ውል ነው መነሻው፤ ጅቡቲ ነፃ የወጣችው በ1969 ነው። አጥርም፣ ምልክትም አላየሁም። መሪያችን "እህቴ እዚያ ማዶ ነው ያገባችው" አለኝ፣ በአገጩ እየጠቆመ።

ወደ መንደሩ ስንመለስ አንድ ሽማግሌ ከጥላው ሥር ጠሩን። ዳጉ ሊያደርጉ ነው። ዳጉ የአፋር ወሬ መቀባበያ ነው፤ ሰው ከሰው ሲገናኝ ተቀምጦ ያየውን፣ የሰማውን፣ ከማን እንደሰማው ለይቶ ይናገራል። ዝናብ የት ዘነበ፣ ሣር የት አለ፣ ምን በሽታ ገባ። ማጋነን ነውር ነው። መሪያችን የጉዟችንን ሲነግራቸው ቆዩና ወደ እኔ ዞሩ፤ በእሱ አስተርጓሚነት ጠየቁኝ።

"ከውሃው መነሻ ነው የመጣኸው?"

"አዎ፣ አባባ። ከአንዱ መነሻ።"

"ደጋው ዘንቦ ነበር?"

የክረምቱን ነገርኳቸው። ካርማ፣ ማለትም ክረምት ሲሆን ጎርፉ መንደራቸውን እንደሚያፈልስ፣ ሳይመጣ ከቀረ ደግሞ ከብቱ እንደሚያልቅ ነገሩኝ። የወሎ ተራራ ላይ የሚጠቁረውን ደመና ከዚህ ሆነው ይጠብቃሉ። ከዚያ "ውሃውስ እንዴት ነው?" አሉኝ።

ልዋሽ አልቻልኩም፤ ዳጉ ነው። የጎፍ ላይ በቅጠል የጠጣሁትን ነገርኳቸው። ለዮሌ ድልድይ ላይ ያየሁትን፣ ሰላጣ የሚያጠጡትን እናት፣ ጨፋን፣ ቦዮቹን፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። መሪያችን ሲተረጉም ድምፁ እየቀነሰ መጣ። ሽማግሌው መሐል ላይ አላቋረጡኝም። ስጨርስ ኮምቦልቻ ያለው ሰው ውሃው እዚህ እንደሚመጣ ያውቅ እንደሆነ ጠየቁኝ።

"ብዙው አያውቅም" አልኳቸው።

ወደ አፋምቦ ስንመለስ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ሁለት ሰዎች ስድስት ግመል እየነዱ ከፊታችን መጡ። መሪያችን ሰላም ብሎ ከእነሱ ጋር ድንጋይ ጥላ ሥር ተቀመጠ። እኛ ትንሽ ራቅ ብለን ቆምን። ረጅም ጊዜ ተናገረ። በአፋርኛው መካከል ሁለት ቃል ለይቼ ሰማሁ፤ "ቦርከና"፣ "ኮምቦልቻ"። አንደኛው ሰው በዱላው አሸዋው ላይ መስመር አሰመረ፤ መሪያችን መስመሩ ጫፍ ላይ ጣቱን አሳረፈ። ሰውዬው ያን ነጥብ ትንሽ አየውና ተነሣ። ከዚያ ግመሎቻቸውን አስነሥተው ወደ ጅቡቲ በኩል ቀጠሉ።